ስለ እጅ መታጠብ ሳስተምር የዘለልኩት ነገር

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ሲመቻችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሰሞኑን የታመመ ዘመድ ልጠይቅ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ኮሪደሩ ላይ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁ። ነርስ ሆናለች። «ቲቸር!» ብላ መጣች። እጄን ስዘረጋላት እሷ መዳፏን ትታ አንጓዋን ሰጠችኝ፤ እጃችን እርጥብ ወይም ቆሻሻ ሲሆን እንደምናደርገው። «ምነው፣ እየታጠብሽ ነበር እንዴ?» አልኳት። ሳቀችና ሁለቱንም እጆቿን ገልብጣ አሳየችኝ። የጣቶቿ መገጣጠሚያ በሙሉ ተሰነጣጥቋል። አንዳንዱ ስንጥቅ ደም ቋጥሯል። የእጇ ጀርባ ቀልቶ ተላልጧል።

«በቀን ስንቴ እንደምታጠብ መቁጠር ትቻለሁ» አለችኝ። «ሳሙናው ደግሞ የእጅ ሳሙና አይደለም። የልብስ ዱቄት ሳሙና በሃይላንድ በጥብጠው፣ ክዳኑን በስተው ያስቀምጡልናል። እውነቱን ልንገርዎት? ሲያቃጥለኝ አንዳንዴ ሳልታጠብ አልፋለሁ።» ትንሽ ዝም ብላ ቀጠለች፦ «የዚያን የቪየናውን ሐኪም ታሪክ ሲያስተምሩን ግን እጃቸው ምን እንደሆነ አልነገሩንም እኮ።»

ልጅቷ ልክ ናት። ያንን ታሪክ ለዓመታት በየሴሚስተሩ አስተምሬዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ተቀምጣችሁ ሰምታችሁታል። ሁልጊዜ የምተርከው እንደ ትዕቢት ታሪክ ነበር። አንድ ሰው እውነቱን አገኘ፣ ትላልቆቹ ሐኪሞች «እጃችን ንጹሕ ነው» ብለው አሻፈረኝ አሉ፣ እናቶች አለቁ። ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ታሪኩ ቆዳም አለው፤ እሱን ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ላሟላው።

ከቪየና ልጀምር። በ1840ዎቹ የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች ይማሩበታል፣ በሁለተኛው አዋላጆች። በ1846 በተማሪዎቹ ክፍል ከወለዱት እናቶች ከ100ው 11 ያህሉ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል 3 እንኳ አልሞሉም። ሕንፃው ያው፣ ከተማው ያው። እናቶቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመደቡ ይለምኑ ነበር። የሃንጋሪው ተወላጅ ኢግናዝ ዜመልቫይስ እዚያው አንደኛው ክፍል ውስጥ ረዳት ሐኪም ነበር፤ ምክንያቱን ሲፈልግ እንቅልፍ አጣ።

መልሱ የመጣው ከሞት ነው። በመጋቢት 1847 ያዕቆብ ኮሌችካ የሚባል ባልደረባውና ወዳጁ አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላ ተወጋና ሞተ። የእሱ አስከሬን ሲመረመር የታየው ጉዳት በአራስ ትኩሳት ከሞቱት እናቶች ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ዜመልቫይስ ነገሩ ገባው። ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ይሄዳሉ፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። በሳሙና ይታጠባሉ፣ ሽታው ግን ከእጃቸው አይለቅም። ሽታውን የሚያጠፋ ነገር ፈልጎ ክሎሪን ያለበት ውሃ አስቀመጠ። መጀመሪያ የተጠቀመው ፈሳሽ ክሎሪን ውድ ስለሆነበት ቆየት ብሎ ወደ ርካሹ፣ ክሎሪን ወደገባበት ኖራ ዞረ። በሚያዝያ 1847 ከ100 ወላዶች 18 ይሞቱበት የነበረው ክፍል በሰኔ ወደ 2፣ በሐምሌ ወደ 1 ወረደ።

እስከዚህ ድረስ ታውቁታላችሁ። ከዚህ በኋላ ነው እኔ የምሮጠው የነበረው፤ ተቃወሙት፣ ቪየናን ለቆ ሄደ፣ መጽሐፉ በ1861 ወጣ፣ በነሐሴ 1865 እዚያው ቪየና በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ እያልኩ።

ሳልሮጥ ልቁም። ክሎሪን የገባበት ኖራ ማለት ምን ማለት ነው? የቤታችን በረኪና የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። በረኪና በባዶ እጁ የነካ ሰው ጣቱ ሲያሟልጭ ያስታውሳል። ያ ማሟለጭ ንጽሕና የሚመስለው ብዙ ነው፤ የገዛ ቆዳችን ቅባት ወደ ሳሙናነት ሲቀየር ነው እንጂ። ቅባቱ ሲሄድ ቆዳ ውሃውን መያዝ ያቅተዋል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ዜመልቫይስ ያንን ነገር በቀን አንዴ ብቻ አይደለም ያዘዘው። በጥቅምት 1847 የሚመግል የማሕፀን ካንሰር ያለባት አንዲት ሴት ተኝታ ነበርና ከእሷ በኋላ በተራ የተመረመሩ ብዙ እናቶች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ጠበቀ፤ ከአንዷ በሽተኛ ወደ ሌላዋ ሲታለፍም ታጠቡ ተባለ።

የተቃወሙት ሁሉ ቆዳቸው ስለተላጠ ነው እያልኩ አይደለም። ፖለቲካም ነበረበት፣ የዜመልቫይስ ግልፍተኝነትም ነበረበት። ደግሞ ሐኪም ለሞት ምክንያት ሆነ መባልን ማን ይወዳል? ነገር ግን በየቀኑ የሚያቃጥል ትእዛዝ ጠባቂ ይፈልጋል። ጠባቂው ሲሄድ ትእዛዙ አብሮ ይሄዳል። የዚያ ክፍል ተተኪዎች ላይ ብቻ ስፈርድ ኖሬያለሁ፤ አሁን እጃቸውንም ለማየት እሞክራለሁ።

አንድ የሚገርም አጋጣሚ ልንገራችሁና ልለፍ። ዜመልቫይስ የሞተው ነሐሴ 13 ቀን 1865 ነው። በዋዜማው ነሐሴ 12 ቀን በስኮትላንድ ግላስጎ ጆሴፍ ሊስተር ጋሪ እግሩን የሰበረውን ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ አከመው። ልጁም እግሩም ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ካርቦሊክ በየቀዶ ጥገና ክፍሉ ገባ፤ በመሣሪያው፣ በፋሻው፣ በሐኪሙ እጅ። በሽተኛው ተጠቀመ። የሐኪሞቹ ጣት ግን ነጭ ሆኖ ይደነዝዝና ይሰነጠቅ ጀመር። ማንም እጁ ተሰነጠቀ ብሎ ሊስተርን መክሰስ አላስፈለገውም፤ ዝም ብሎ መድኃኒቱን ማቅጠን ወይም መተው ይበቃዋል።

አሁን ወደ አሜሪካ፣ ባልቲሞር። የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ተከፈተ። የቀዶ ጥገናው ኃላፊ ዊልያም ሃልስተድ ነበር። ጎበዝ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ በግል ሕይወቱ ደግሞ ከኮኬይንና ከሞርፊን ሱስ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ዋና ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን ትባላለች። በዚያ ክፍል እጅ መታጠብ ማለት እኛ የምናውቀው ዓይነት አልነበረም። መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ መፈተግ፤ ቀጥሎ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ውስጥ መንከር፤ እጅ ወይን ጠጅ ይመስላል። ያንን ቀለም ለማስለቀቅ ትኩስ ኦክሳሊክ አሲድ። መጨረሻ ላይ የሜርኩሪ ክሎራይድ፣ ማለትም መርዝ። ይሄ ሁሉ በየኦፕራሲዮኑ።

የሃምፕተን እጅና ክንድ ተቃጥሎ ሥራ ልታቆም ደረሰች። ሃልስተድ ኋላ ራሱ እንደጻፈው ነርሷ እጅግ ጎበዝ ስለነበረች ነገሩን ሊያስብበት ወሰነ። ለጉድየር የጎማ ኩባንያ ትእዛዝ ላከ፤ ስስ የሆነ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ፣ ሁለት ጥንድ የጎማ ጓንት ለሙከራ ሠርተው እንዲልኩ። ተሠራ። በሰኔ 1890 ደግሞ ሃልስተድና ሃምፕተን ተጋቡ፤ እሷም ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጣች። ጓንቱ የተሠራላት ሴት ብዙም ሳትሠራበት ቀረች ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንደ ፍቅር ታሪክ ነው የሚያወሩት። ፍቅርም ይሁን፣ አልከራከርም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ጓንት የተሠራው ለበሽተኛ አልነበረም፤ ጀርም ለመከላከል ብሎ ያሰበው ሰው አልነበረም። የአንዲት ሠራተኛ ቆዳ እንዳይቃጠል ነው የተሠራው። ረዳቶቹ መሣሪያ ሲያቀብሉ ያደርጉት ጀመር፤ ዋናው ሐኪም ግን በባዶ እጁ ይቆርጣል። ዓመታት አለፉ። ከሃልስተድ ተማሪዎች አንዱ ጆሴፍ ብለድጉድ በየኦፕራሲዮኑ ጓንት ማድረግን ልማድ አደረገና ውጤቱን በ1899 አወጣ። ከ450 በላይ የቡአ ኦፕራሲዮኖችን ቆጥሮ ነበር፤ ቁስል ማመርቀዝ ከ17 በመቶ ከ2 በመቶ በታች ወርዷል። ሃልስተድ በኋላ ዘመኑ ይህን ነገር ዓይናችን ሥር ተቀምጦ ያን ያህል ጊዜ እንዴት ሳናየው ቀረን ብሎ ተደንቋል። እኔም ተማሪዎቼ ፊት ስንት ዓመት ቆሜ አላየሁትም።

ጓንቱም ቢሆን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። እንዳይጣበቅ ውስጡን ዱቄት ይነሰንሱበት ነበር። ከጎማው ጋር ተዳምሮ ስንቱን የጤና ባለሙያ አለርጂክ አደረገ። አሜሪካ ዱቄት ያለበትን የሕክምና ጓንት ከገበያ ያገደችው በ2017 ነው። ከሃምፕተን ጓንት ስንት ዓመት እንደሆነ አስሉት።

ከሆስፒታል ወጣ ብለን ሕዝብ ወደሚጠቀምበት መታጠቢያ እንሂድ፤ እዚያም ያው ነገር ነው። በካንሳስ ግዛት ሳሙኤል ክራምባይን የሚባል የጤና ኃላፊ ነበር። በባቡርና በትምህርት ቤት ሁሉም የሚጠጣበትን የጋራ ኩባያ በ1909 አስከለከለ፤ የጋራ ፎጣንም ተዋጋ። በዚያ ዘመን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ፎጣ ተሰቅሎ መንገደኛው ሁሉ ይጠርግበት ነበር። የወረቀት ፎጣ ገበያ ያገኘው በዚህ ዘመቻ ነው። ይህን ሳነብ የኛ ቤት ማስታጠቢያ ትዝ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ከልጆች አንዱ ተነስቶ በማንቆርቆሪያ ያስታጥባል፣ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል ያደርጋል። ውሃው ለእያንዳንዱ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይፈሳል፤ ከቧንቧ አያንስም፣ እንዲያውም እጀታ መንካት የለበትም። ፎጣው ግን የሁሉም ነው! እኔ የቤቱ ታናሽ ስለነበርኩ ከስምንት ሰው በኋላ ያ ፎጣ ምን እንደሚመስል በደንብ አውቃለሁ።

ፎጣ የቆዳም ጉዳይ ነው። እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም ያስተላልፋል። በየመሥሪያ ቤታችን ሽንት ቤት ውሃ ካለ ሳሙና የለም፣ ሳሙና ካለ ማድረቂያ የለም። እጃችንን አራግፈን፣ ሱሪያችን ላይ ጠርገን፣ ንፋስ እያደረቀው እንወጣለን። በቀን አንዴና ሁለቴ ለሚታጠብ ሰው ምንም አይደል። ሠላሳ ጊዜ ለሚታጠብ ግን እጁ ቀኑን ሙሉ ሲረጥብና ሲደርቅ ይውላል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ፣ ለኔ ትልቁ እዚህ ጋ ያለው ነው። በ1990ዎቹ ዲዲየር ፒቴ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሠራተኛውን እጅ መታጠብ በዓይን መቁጠር ጀመረ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለች ነርስ በአንድ ሰዓት ውስጥ 22 ያህል ጊዜ እጇን ማጽዳት ይኖርባታል። ወደ ቧንቧው ሄዶ፣ ታጥቦ፣ አድርቆ ለመመለስ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደቂቃ ይፈጃል። አባዙት። ከሰዓቱ ግማሽ ያህሉ ቧንቧ ሥር ያልቃል፤ በሽተኛውን ማን ይያዘው? ፒቴ ያየው ይህን ነው፤ ሰዎቹ ሰነፍ አልነበሩም፣ የተባሉት ነገር የሚቻል አልነበረም።

ስለዚህ ቧንቧውን ትተው አልኮሉን አልጋው አጠገብ አመጡት። አልኮል ብቻውን ግን ቆዳ ያደርቃል። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ዊልያም ግሪፊትስ ቆዳን የሚያለሰልስ ነገር የገባበት ድብልቅ አዘጋጅቶ ነበርና እሱን ተጠቀሙ። ውጤቱ በ2000 ላንሴት ላይ ወጣ። ደንቡን አክብሮ እጁን የሚያጸዳው ከ48 በመቶ ወደ 66 በመቶ አደገ። ሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ ኢንፌክሽን ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ቀመሩን የባለቤትነት መብት ሳያወጡበት ለዓለም ጤና ድርጅት ሰጡት፤ ድርጅቱም ማንም አገር ራሱ ማምረት እንዲችል አድርጎ አሠራጨው።

ያንን ቀመር ቁጭ ብዬ አየሁት። ለ10 ሊትር፣ 96 በመቶ የሆነ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው ውሃ ነው። ጀርም የሚገድለው አልኮሉ ነው። ፐርኦክሳይዱ ዕቃው ውስጥ ገብተው ሊሆን የሚችሉ ስፖሮችን ለማጥፋት ነው እንጂ ለእጅ አይደለም። ግሊሰሪኗስ? ምንም አትገድልም። ለሰውየው ቆዳ ብቻ ነው የገባችው። 145 ሚሊ ሊትር ማለት ሁለት ሲኒ አካባቢ ናት፣ በ10 ሊትር ውስጥ። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ አልኮል ከየፋርማሲው ጠፍቶ የተገኘውን ሁሉ እጃችን ላይ ስናፈስ የነበርን ሰዎች ያቺ ሁለት ሲኒ ስትጎድል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እኔ ጣቴ ተሰንጥቆ ጨው ያለው ነገር በእጄ መብላት አቅቶኝ ነበር።

የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ የባለቤቱ ሕመም ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጤናማ ቆዳ በትንሹ አሲድነት አለው፣ ራሱን ይከላከላል። የተቆጣ ቆዳ ግን ከጤናማው የበለጠ ጎጂ ባክቴሪያ ይይዛል፣ ሲታጠቡትም በቀላሉ አይለቅም። ተማሪዬ በዚያ ዱቄት ሳሙና በታጠበች ቁጥር እጇ ለበሽተኞቿ ይበልጥ አደገኛ እየሆነ ነው። ይሄ ነው ያስጨነቀኝ።

ጀርመኖች ይሄን ጉዳይ እንደ ሥራ አደጋ ነው የሚያዩት። የሠራተኛ እጅ በፈረቃው ከሁለት ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ከዋለ ሥራው «እርጥብ ሥራ» ተብሎ በደንብ ይመዘገባል፤ አሠሪው ግዴታ አለበት። በየመታጠቢያው ግድግዳ ላይ ከሥራ በፊት ምን እንደሚቀቡ፣ በምን እንደሚታጠቡ፣ ከሥራ በኋላ ምን እንደሚቀቡ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይለጠፋል። ነርስ ብቻ አይደለም፤ ፀጉር ሠሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ ጽዳት ሠራተኛ ሁሉ ይገባበታል። እኛ ግድግዳችን ላይ የምንለጥፈው «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለውን ብቻ ነው።

ለተማሪዬ ማታውኑ የማውቀውን ጻፍኩላት። ሙቅ ውሃ ጀርም አይገድልም፣ ቆዳሽን ነው የሚጎዳው፤ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ስትደርቂ አትፈትጊ፣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። እጅሽ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለና ግሊሰሪን ያለው ሳኒታይዘር ካለ እሱን ተጠቀሚ፤ ከተቀባሽ በኋላ ደግሞ መልሰሽ አትታጠቢ። ጓንት በእርጥብ እጅ አታጥልቂ። ቫዝሊን ለማታ፣ ከሥራ በኋላ ይሁን፤ ከጎማ ጓንት ሥር ከተቀባሽው ጎማውን ያበላሸዋል። የቆሰለው ካልዳነ የቆዳ ሐኪም ይይሽ።

ከሳምንት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ሜትሮኗን አነጋግረው ሃይላንዱ ተነስቷል፤ ቧንቧው ላይ በመረብ ተቋጥሮ የተንጠለጠለ የእጅ ሳሙና ይታያል። ቅባትም ተገዝቷል፣ የነርሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው አለችኝ።

«የጽዳት ሠራተኞቹስ? በረኪናውን ቀኑን ሙሉ የሚይዙት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ብዬ ጻፍኩላት።

ቆይታ መለሰች፦ «እሱን አላሰብንም ቲቸር። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ነገ ጠዋት ስገባ እጠራቸዋለሁ።»